ሦስት ሳጥን ቲማቲም ፍለጋ

ይህን ማስታወሻ የያዝኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን ነው። ታላቅ እህቴ ባሕር ዳር ውስጥ አነስ ያለች ምግብ ቤት አለቻት። ጾም ሲገባ ሰዉ በያይነቱ ነው የሚያዘው፤ ያለ ቲማቲም፣ ያለ ቀይ ሥርና ያለ ጎመን ደግሞ በያይነቱ የለም። ባለፈው ዓመት ጾም ላይ አንድ የዘወትር ደንበኛዋ ሰላጣ በልቶ ሆዱን ታመመ። ከእሷ ቤት ይሁን ከሌላ ቤት ማንም አላረጋገጠም፣ ሰውየውም ምንም አላላት፣ ወሬው ግን ሰፈሩን ዞረ። ከዚያ ወዲህ "ከየት እንደመጣ ያላወቅሁትን አትክልት አልገዛም" ብላ ምላለች።

እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ። "ናና አብረን እንፈልግ" አለችኝ። "እረፍቴ እኮ ነው" ብላት "ጣና ዳር ነው የምትዞረው፣ ሌላው ሰው ከፍሎ ነው የሚያየው" አለች። እታለም አንዴ ከተናገረች መከራከር የለም።

ቅዳሜ

በጠዋቱ ቅዳሜ ገበያ ገባን። የሽንኩርት ሽታ፣ የጋሪ ግፊያ፣ "ዞር በሉ!" የሚል ተሸካሚ። ቲማቲሙ በእንጨት ሳጥን፣ ሽንኩርቱ በማዳበሪያ፣ ካሮቱ መሬት ላይ ሸራ ተነጥፎለት።

"ከየት ነው የመጣው?" ማለት ቀላል ጥያቄ ይመስላል። የመጀመሪያዋ ነጋዴ "የፎገራ ነው" አለችን። አጠገቧ ያለችው ከዚያው ሳጥን እያነሳች "የቆጋ" አለች። ሦስተኛው ወጣት ሳቀና "ከአይሱዙ ላይ" አለን። እውነቱን የነገረን እሱ ይመስለኛል። ደላላው ማሳ ላይ ሄዶ ይገዛል፣ የአምስት የስድስት ገበሬ ምርት አንድ መኪና ላይ ይጫናል፣ ሌሊት ተጉዞ ሳይነጋ ይራገፋል፣ ከዚያ በኋላ ቲማቲሙ ባለቤት የለውም። ትናንት የተረጨውና ሁለት ሳምንት መርጫ ያልነካው አንድ ሳጥን ውስጥ ተደባልቀው ይተኛሉ።

እህቴ አንዱን አነሳች። እንብርቱ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ተጋግሮበታል። "ይኼ ምንድን ነው?" አለች።

"አቧራ ነው እህቴ" አለች ሴትየዋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ መልሳ እየሰጠቻት።

አቧራም ሊሆን ይችላል። ለሻጋታ በሽታ በውኃ እየተበጠበጠ የሚረጨው ዱቄትም ሲደርቅ እንደዚያው ነው። በዓይን አይለይም፣ ሴትየዋም አታውቅም፣ እና እሷን መውቀስ አልፈልግም፤ የሸጠላት ሰው አልነገራትም፣ ለእሱም ማንም አልነገረውም።

መውጫው ላይ ጥቅል ጎመን የሚሸጡ አንዲት እናት ጥያቄያችንን ሰምተው ኖሮ ጠሩን። "እኔ ልጄ ለቤቴ የማስመጣው ሮቢት ካሉት ማኅበርተኞች ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ለምን እዚህ አያመጡትም አልናቸው። "ማን ይገዛቸዋል! ቲማቲማቸው ነጠብጣብ አለው። ሰው የሚያብለጨልጭ ነው የሚፈልገው" አሉን። ነጋዴዋ ለልጆቿ ከሌላ ቦታ የምታስመጣ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው አልኩ በልቤ። ስልክ ቁጥር ሰጡን።

እሁድ

ምንም አልሠራንም። ማንም አይሠራም። ጊዮርጊስ ሄድን፣ ሐይቁ ዳር ቡና ጠጣን፣ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ልጆች አየን። ደውለን ነበር፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር "ዛሬ በዓል ነው፣ ነገ ኑ፣ ግን ጫማ ለውጣችሁ" አሉን። የጫማው ነገር በማግስቱ ገባኝ።

ሰኞ

ሮቢት ባታ ከባሕር ዳር በስተሰሜን፣ በጎንደር መንገድ ላይ፣ ሐይቁን ተጠግታ ያለች ቀበሌ ናት። ከከተማ ለመውጣት ዓባይን መሻገር ነበረብን፤ አዲሱ ድልድይ ያኔ ገና እየተሠራ ስለነበር አሮጌው ላይ ተሰልፈን ነው ያለፍነው። ከዋናው መንገድ ወርደን በእግር ገባን። ቦዩ ሞልቶ መንገዱን አጥለቅልቆታል። ነጭ ሸራ ጫማ አድርጌ ነበር። አይወራም።

እዚህ አገር ውኃው ቅርብ ነው። በየጓሮው በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፣ ሰዉ በገመድና በመዘውር እየሳበ ያጠጣል፣ አቅም ያለው በትንሽ ሞተር። ጫትና ጌሾ በብዛት አለ፣ ማንጎም እንደዚሁ። ቲማቲሙ በመሀል በመሀል ነው። ማኅበሩ ሃያ ምናምን አባላት አሉት፣ ከነሱ ውስጥ ሴቶች ጥቂት አይደሉም፣ ገንዘብ ያዥዋም ሴት ናት።

ሊቀመንበሩ ስልሳ የሚጠጉ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። እህቴ "አያ" እያለች ነው የምታናግራቸው፣ እኔም ተከተልኳት። መጀመሪያ ያሳዩን ማሳውን አልነበረም። አንዲት ቆርቆሮ ቤት ወሰዱንና ቁልፍ አወጡ፣ ገንዘብ ያዥዋም ሌላ ቁልፍ አወጣች። በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንዱ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። ውስጡ የጀርባ መርጫ፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ጥቂት ጠርሙስ ኬሚካል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በሲባጎ የታሰረ ባለ መቶ ገጽ ደብተር።

ደብተሩ ነው ነገሩ ሁሉ። የማን ማሳ፣ ምን ተረጨ፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ረጨ፣ መቼ ይለቀማል። መጻፍ የማይችሉት አባላት ልጆቻቸውን ያስጽፋሉ፣ ስለዚህ ግማሹ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እጅ ጽሑፍ ነው፤ አንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ የኳስ ተጫዋች ሥዕል አየሁ።

"ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ትጠብቃላችሁ?" አልኳቸው።

"እንደ መድኃኒቱ ነው" አሉ። "ሦስት ቀን የሚበቃው አለ። ሰባት አለ፣ አሥራ አራት አለ፣ ሃያ አንድም አለ። ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛ። ዲኤዋ፣ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ፣ ናት ያነበበችልን።"

ለእኔ ቁጥር ብቻ ነበር። ቀጥለው ያሉትን ስሰማ ነው የገባኝ። ቲማቲም መቅላት ከጀመረ በየሦስት በየአራት ቀኑ ይለቀማል። አሥራ አራት ቀን ጠብቅ የሚባል ነገር የረጨ ሰው ሦስት አራት ለቀማ ዓይኑ እያየ መሬት ላይ ይበሰብስበታል። ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ሕጉን ጥሶ ለደላላ ይሸጣል። ገበሬው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የልጅ ደብተር፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ የሞተር ናፍጣ አለበት። የማኅበሩ መላ እንግዲህ ቀይ ያለ ፍሬ በማሳው ላይ ካለ ረጅም ቀን የሚያስጠብቀውን ኬሚካል ጭራሽ ከቤቱ አለማውጣት ነው። ሁለት ቁልፍ የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ማሳ ገባን። አንዳንዱ ማሳ ጥግ ላይ እንጨት ተተክሎ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የአሮጌ ቀሚስ ቅዳጅ ነው። ቀይ ጨርቅ ካለ ቀኑ አልደረሰም፣ አይለቀምም። ሲደርስ ጨርቁን የሚያነሳው ባለቤቱ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ይህን ስሰማ ቆሜ ሳቅሁ። በቢሮ ስብሰባ ስንት ቀን የሚፈጅ የቁጥጥር ሥርዓት በአንድ ቅዳጅ ጨርቅ!

ሁልጊዜ ግን አይሠራም። አንድ አባል ባለፈው ዓመት ጨርቁ ሳይነሳ ሌሊት ለቅሞ ሸጠ። ሚስቱ ታማበት ነበር። ስብሰባ ተጠራ፣ ግማሹ ይባረር አለ፣ ግማሹ "ለሐኪም ያዋጣንለት ነገር አለ ወይ?" ብሎ ጠየቀ። መጨረሻ ላይ ተቀጣ፣ ግን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን የብድር ገንዘብ ከየሽያጩ መቆረጥ ተጀመረ። በማኅበር ሕግ ብዙ ዕጣ ያለውም አንድ ዕጣ ያለውም እኩል አንድ ድምፅ ነው ያለው፣ በዚያ ስብሰባ ይህ ነገር ሰውየውን አተረፈው ይመስለኛል።

ስለ ቱታ ጠየቅኋቸው። (ስፖርት የሚለበሰውን አይደለም። እህቴም መጀመሪያ እንደኔ ነው የመሰላት።) ቱታ አብሶሉታ የምትባል ትንሽ የእሳት ራት ናት፣ ትሏ ቅጠሉን ከውስጥ ትሰረስራለች፣ ፍሬውንም ትበሳለች። ወደ አገራችን የገባችው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። እምቦጭም ጣና ላይ የታየው በዚያው ሰሞን ነው፣ የሁለቱም መነሻ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሐይቁን በአንድ በኩል፣ ማሳውን በሌላ በኩል። ትሏ ቅጠል ውስጥ ስለምትደበቅ የሚረጨው ነገር በደንብ አያገኛትም፣ ያገኛትንም ቶሎ ትለምደዋለች፣ ስለዚህ ገበሬው ሁለት ሦስቱን ደባልቆ መርጨት ይጀምራል፣ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሦስት ቀኑ። ማኅበርተኞቹ በየመደቡ መሀል የላስቲክ ሳፋ አስቀምጠዋል፣ ውኃና ጥቂት ሳሙና፣ በላዩ የሴቷን ሽታ የሚመስል ማጥመጃ ተንጠልጥሎ። ወንዶቹ "ሚስት አገኘን" ብለው ይመጡና ይሰምጣሉ። ገንዘብ ያዥዋ ይህን ስታስረዳ ወደ ሊቀመንበሩ እያየች ነው የሳቀችው።

ሳፋው ብቻውን አያድንም። የተጠቃውን ቅጠል መልቀምና መቅበር አለ፣ ቲማቲም ከቲማቲም ቀጥሎ አለመትከል አለ። እነሱም መርጨት አልተውም፣ ቀነሱ እንጂ። "ኬሚካል የለም" ብለው አልዋሹንም፣ እኔ ያመንኳቸው በዚህ ነው።

አንድ ነገር አላማረኝም። በስተምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤት የማኅበሩ አባል አይደለም፣ ጫት ነው ያለው፣ ጫቱን በፈለገው ጊዜ ይረጫል። ነፋስ አጥር አያውቅም። በድንበሩ ላይ በቆሎ ጥቅጥቅ አድርገው ዘርተዋል፣ ይከላከላል ብለው። "ይከላከላል?" ብላቸው "ትንሽ" አሉ።

ስንወጣ አንዲት አሮጊት ከጉድጓድ ውኃ በጀሪካን ሲቀዱ አየን። ጀሪካኑ ንጹሕ ነበር፣ የዘይት። ሊቀመንበሩ ዓይኔን አይተው "ድሮ በመድኃኒቱ ዕቃ ነበር የምንቀዳ" አሉ። "ስሙ ነው ያታለለን። መድኃኒት ስትለው ለሰውም የሚበጅ ይመስልሃል።" አሁን ባዶ ጠርሙሱን ሦስቴ ያለቀልቁና በሚስማር ይበሱታል፣ ዘይት እንዳይቀመጥበት።

ማክሰኞ

እህቴ ሽንኩርት ቀርቷታል። በሚኒባስ ወደ ወረታ፣ ስልሳ ኪሎ ሜትር ግድም። ሐሙሲት ላይ ቁርስ፣ ከዚያ የጉማራን ወንዝ ተሻግረን ፎገራ ሜዳ። ክረምት ላይ ይህ ሁሉ ውኃ ነው፣ ሩዝ የሚወደው ዓይነት፣ ኤክስ ጅግና የሚባለው ሩዝ በዚህ አካባቢ ነው ስሙን ያወጣው። ሩዙ ሲታጨድ ውኃው ሸሽቶ ጥቁሩ መሬት ይቀራል፣ ሽንኩርት ይተከልበታል። ዓይን እስከሚደርስ ሽንኩርት። በየቦዩ ሞተር ይንጣጣል።

ያገኘናቸው የማኅበር ሰዎች እንደ ሮቢቶቹ ደስተኞች አልነበሩም። እነሱም ደብተር ነበራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ትልቅ ተቋም ወጥ ቤት ሽንኩርት ለማቅረብ ተዋዋሉ፣ በጥንቃቄ የተመረተ ነው ተብሎ፣ ጥሩ ዋጋ። ሽንኩርቱ በቀኑ ደረሰ። ገንዘቡ አልደረሰም። ዛሬ ፈራሚው የለም፣ ነገ በጀት አልተለቀቀም፣ እንዲህ እንዲህ ሲባል አምስት ወር። አባላቱ እዳ ገባባቸው። በሚቀጥለው በጋ ደላላው በጥሬ ብር መጣ፣ ደብተሩ ያለበት ቤት ተቆለፈ።

"ደላላውን ሁሉ ይረግመዋል" አለኝ አንዱ ወጣት፣ "ግን ማታ ብትደውልለት ጠዋት ብር ይዞ ይመጣል። ጥሩ ሰው የሚባለው አምስት ወር ያስጠብቅሃል።" መልስ አልነበረኝም።

ስለ ንቦቹም ነገረን። ለዘር የሚተው ሽንኩርት ሲያብብ ንብ ይፈልጋል፣ ንብ ከሌለ ዘሩ በደንብ አይቋጥርም። ጠዋት ላይ የሚረጭ ጎረቤት ያለው ሰው ቀፎው ሥር የሞተ ንብ በእፍኝ ይጠርጋል። የሚረጨው ማታ ንቡ ሲገባ ነው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማታ ግን ሠራተኛ ውድ ነው።

ሽንኩርት ሁለት ማዳበሪያ ገዛን። እህቴ አንገቱን እየጠመዘዘች፣ ልጣጩን እየፈተነች። ከመነቀሉ በፊት ውኃ በጊዜ የቆመለት ሽንኩርት አንገቱ ቀጭንና ደረቅ ነው፣ ሳይበሰብስ ይቆያል። እስከ ነቀላው ዋዜማ ውኃ የጠጣው ይከብዳል፣ ሚዛን ላይ ያስደስታል፣ በሳምንቱ ይሸታል።

ረቡዕ

ቆጋ። ዛሬ አጭር ነው ምክንያቱም ተሳስተን ነው የሄድነው። መራዊ ድረስ ሄድን፣ ግድቡን አየን፣ ያምራል፣ ሰባት ሺህ ሄክታር ያጠጣል ተብሎ የተሠራ ነው፣ ውኃው ወደ ግልገል ዓባይ ከሚገባው ከቆጋ ወንዝ የተያዘ ነው። አትክልት ልንፈልግ ሄደን ያየነው ግን ስንዴ ነው። የበጋ ስንዴ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ምንጣፍ። "ቲማቲም አልነበራችሁም?" ብንል አንድ ሽማግሌ ትከሻቸውን ነቀነቁ። "ስንዴ አይበሰብስም፣ ደላላም አይለምንም" አሉ። ልክ ናቸው። ድንች በማዳበሪያ ይዘን ተመለስን፣ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ፣ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ።

ሐሙስ

እንደገና ሮቢት፣ በዚህ ጊዜ በቦቲ ጫማ። ድርድር።

እህቴ የገበያ ዋጋ እከፍላለሁ አለች። እነሱ ደግሞ ጾሙ እስኪያልቅ የማይነቃነቅ አንድ ዋጋ ነው የፈለጉት። ገበያው ሲወርድ እሷ ትጎዳለች፣ ሲወጣ እነሱ። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ፣ ቡና ሁለቴ ተፈላ። ገንዘብ ያዥዋ በመጨረሻ "እትዬ፣ እኛ ከዋጋው ይልቅ የሚያስፈራን ቀሪ ሂሳብ ነው" አለች፣ እኔ ማክሰኞ የሰማሁት ሁሉ ትዝ አለኝና እህቴን በክርኔ ነካኋት። አንድ ዋጋ፣ ሳጥኑ ሲራገፍ ጥሬ ብር፣ የመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ ቀድሞ። ተጨባበጡ። በሳምንት ሦስት ሳጥን ቲማቲም፣ ሁለት ሳጥን ቀይ ሥርና ካሮት፣ ሰላጣ በየሁለት ቀኑ። ካሮቱ በጉድጓድ ውኃ ይታጠባል፣ በቦይ ውኃ አይታጠብም፣ ይህን እህቴ ሦስቴ ደገመችው፤ የሆድ በሽታ ከኬሚካል ይልቅ ከማጠቢያ ውኃ ነው የሚመጣው፣ ሰላጣና ካሮት ደግሞ ጥሬውን ነው የሚበላው።

ሰኞ፣ የሁዳዴ መጀመሪያ

ወደ አዲስ አበባ መመለሻዬን በሁለት ቀን አራዘምኩ፣ የመጀመሪያውን ጭነት ለማየት።

ባጃጁ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። ቀይ ሥሩ አለ፣ ካሮቱ አለ፣ ሰላጣው ጤዛው እንኳ አልደረቀም። ቲማቲም አንድ ሳጥን።

"ሁለቱስ?" አለች እህቴ።

ልጁ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ ከደብተር የተቀደደ፣ የአምስተኛ ክፍል እጅ ጽሑፍ። የሁለት አባላት ማሳ ላይ ጨርቁ አልተነሳም፣ ሐሙስ ይነሳል፣ ይቅርታ ይላል። ከታች የሊቀመንበሩ ፊርማና የማኅበሩ ማኅተም።

እህቴ ተናደደች። በሯ ላይ ጾምኛ ሊሰለፍ ነው፣ እሷ አንድ ሳጥን ቲማቲም ይዛለች። ስልክ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ወረቀቱን እንደገና አነበበች፣ ለአንዱ ሳጥን ብሩን ቆጥራ ሰጠችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሜ ገበያ ሄደችና የሚያብለጨልጨውን ሁለት ሳጥን ገዝታ መጣች። የሮቢቱን ለሰላጣ በስተግራ፣ የገበያውን ለስልስና ለወጥ በስተቀኝ አስቀመጠች፣ ሠራተኞቹን ጠርታ "እንዳትደባልቁ" አለች።

ምሳ ላይ በያይነቱ አቀረበችልኝ። ሰላጣው ጥግ ላይ ቀይ ቀይ ብሎ ተቆልሏል። "ይኼ ከየትኛው ሳጥን ነው?" አልኳት። በጭልፋ ልትለኝ ትንሽ ነው የቀራት።